እያየሁ የዘጋሁት ስልክ

ስልኬ ሲጠራ ማንሳት ካልፈለግኩ ሦስት መንገድ አለኝ። አንደኛው ቀይዋን ነክቶ መዝጋት ነው። ሁለተኛው የጎኑን ቁልፍ ተጭኖ ድምፁን ብቻ ማጥፋትና ጠርቶ ጠርቶ እስኪያበቃ መጠበቅ ነው። ሦስተኛው ስልኩን አስቀድሞ ማጥፋት ነው። ለረጅም ጊዜ ሦስቱም አንድ ይመስሉኝ ነበር፤ ያው አለማንሳት ነው ብዬ። አይደሉም። የትኛውን ለማን እንደምጠቀምበት አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳስብ፣ ስለ ራሴ ማወቅ የማልፈልገውን ነገር አወቅኩ።

አለቃዬ ሲደውል ቀይዋን ነክቼ አላውቅም። ጉርሻ በአፌ ቢሆን እውጠዋለሁ፤ መንገድ ላይ ብሆን ጥግ ይዤ እቆማለሁ። ጨርሶ የማይመች ሲሆን እንኳ ድምፁን አጥፍቼ እንዲጠራ እተወዋለሁ፤ ከስልኩ ርቄ እንደሆነ እንዲያስብ። ኪራይ ያለፈ እንደሆነ፣ አከራዬ ሲደውሉም እንደዚያው። ያበደረኝ ሰው የሚደውልበትን ቀን ደግሞ ስልኬን አጥፍቼ አሳልፌው አውቃለሁ። ቀይዋን የምነካው ለሌላ ዓይነት ሰው ነው። ብዘጋበት ለማይቀየመኝ፣ ቢቀየመኝም ምንም ለማያመጣብኝ፣ ነገ ተመልሶ ለሚደውል ሰው። የምፈራውን ሰው አስጠራዋለሁ፤ የሚወደኝን እዘጋበታለሁ።

ከሚወዱኝ ቀዳሚዋ አዳዳ ናት። የአባቴ እህት ናት፤ ጊንጪ ትኖራለች፣ ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ። የወላጆቼ ቤት ከከተማው ወጣ ያለ ገጠር ስለነበር የተማርኩት እሷ ዘንድ ተቀምጬ ነው። የእኛ አገር አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ከእግር ይነጥቃል። ማታ ማታ ጫማዬን አጥባ ምድጃ ዳር ታደርቅልኝ ነበር። እህል ተራ ተቀምጣ ጤፍና ሽምብራ እየቸረቸረች ነው ደብተር የገዛችልኝ። እሷ ራሷ ማንበብ አልተማረችም። ቁጥር ግን ታውቃለች፤ ቁጥር የማያውቅ ሰው እህል ሸጦ አይኖርም።

ያኔ ሰፈራችን ውስጥ ስልክ የነበረው አንድ ሱቅ ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ ወይም ከነቀምት የሚደውል ሰው ለባለሱቁ "እገሊትን ያስጠሩልኝ፤ ትንሽ ቆይቼ መልሼ እደውላለሁ" ይላል፤ ባለሱቁም ደጃፉ ላይ ያገኘውን ልጅ ይልካል። ብዙ ጊዜ የምላከው እኔ ነበርኩ፤ እግሬ ፈጣን ነበር። ከአጥር ውጭ ቆሜ "ስልክ መጥቶላችኋል!" ብዬ ስጮኽ ሰዉ ሊጥ የነካ እጁን ሳይታጠብ፣ ነጠላውን በአንድ ትከሻው ጥሎ ይወጣ ነበር። "የለም በለው" ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። መልሼ ሳስበው ግን ያኔም መደበቅ የፈለገ ሰው አይጠፋም ነበር፤ ብድር ያለበት፣ ቃሉን ያላከበረ። በአጥር ላይ የሚጮኽ ልጅ ፊት ግን መደበቅ አይቻልም፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። የዘመድን ጥሪ ማንም ሳያይ በአውራ ጣት መመለስ የተቻለው ስልኩ ኪሳችን ከገባ ወዲህ ነው።

ሞባይል በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ነው፤ አዳዳ እጅ የገባው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ፤ ካርድ ለመሙላት ምሳ መተው ነበረብኝ። ስለዚህ ተስማማን። ከጊንጪ ተነሥቼ አዲስ አበባ ስገባ አንድ ጊዜ አስጠራለሁ። እሷ አታነሳውም፤ ትዘጋዋለች። መዝጋቷ "ሰምቻለሁ፣ ተመስገን" ማለት ነው። ሳንቲም አልወጣም፤ ሁለታችንም እፎይ ብለን እንተኛለን። ያኔ አገሩ በሙሉ እንዲህ ያደርግ ነበር። "ደርሻለሁ" በሚስኮል ነው፤ "ውጣ፣ በር ላይ ነኝ" በሚስኮል ነው፤ "ሳላይህ ሰነበትኩ" እንኳ በሚስኮል ነው። ይህችን ስምምነት እኔ ሥራ ስይዝ ረሳኋት። እሷ አልረሳችም፤ አለመርሳቷን ያወቅኩት ግን በጣም ዘግይቼ ነው።

ጥሪው ያልተመለሰለት ሰው የሚሰማውን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ኅዳር 2008 ዓ.ም የጭልሞ ደንና የአንድ ኳስ ሜዳ ጉዳይ ያስቆጣቸው የጊንጪ ተማሪዎች ሲወጡ፣ ተቃውሞውም ከዚያ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዛመት፣ እኔ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበርኩ። ተኩስ አለ ይባላል፤ መንገድ ተዘግቷል ይባላል። እደውላለሁ፤ ታነሳለች። ከሰዓትም እደውላለሁ፤ ታነሳለች። "ደኅና ነኝ፤ አንተ ብቻ እንዳትመጣ" ትለኛለች። አንድ ምሽት ላይ ስደውል ጠፋች። ደግሜ ደጋግሜ ብሞክር ማግኘት አልቻልኩም። ያን ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። ለካ መብራት ጠፍቶ ባትሪዋ አልቆ ኖሯል። ሲነጋ ጎረቤት ቤት ሄዳ በሰው ስልክ ደወለችልኝ፤ የመጀመሪያ ቃሏ "ሳትተኛ አደርክ አይደል?" የሚል ነበር። በ2012 ዓ.ም ደግሞ ምዕራብ ወለጋና ቄለም ወለጋ ለወራት ስልክ ሲቋረጥባቸው፣ እናቷ ጊምቢ ያሉ የሥራ ባልደረባዬ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ በየሰዓቱ ያንኑ ቁጥር ስትሞክር አይቻለሁ። የስልክን ነገር ሳላውቅ አይደለም የዘጋሁት።

ታዲያ እንዴት ዘጋሁባት? መልሱ ቆርቆሮ ነው።

የማድ ቤቷ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረና "ክረምት ሳይገባ ለጥቂት ቆርቆሮ ብትረዳኝ" አለችኝ። "እልካለሁ" አልኳት። ስናገረው ውሸት አልነበረም፤ ልልክ ነበር ያሰብኩት። ወሩ ሲያልቅ ኪራይ መጣ። የሚቀጥለው ወር ሲያልቅ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ መጣ። ጨርሶ ብር አልነበረኝም ማለት ብችል ደስ ባለኝ። ነበረኝ። ይህ ቀይዋን የምነካበት ስልክ ራሱ የተገዛው በዚያው ሰሞን ነው። አሮጌው ይሠራ ነበር።

በዚህ መሐል ደወለች። ስለ ቆርቆሮው ነው ብዬ ዘጋሁት፤ ማታ ረጋ ብዬ እደውላለሁ ብዬ። ማታ አልደወልኩም። በማግስቱ ለመደወል ለትናንቱም ምክንያት ያስፈልገኝ ነበር፤ ሳምንት ሲያልፍ ለሳምንቱ። ያላነሳሁት ስልክ እንደ አራጣ ብድር በቆየ ቁጥር ይወልድብኝ ጀመር፤ ዋናውን ብከፍል እንኳ ወለዱን የምከፍልበት ፊት አጣሁ። ከቆርቆሮው ዋጋ ይበልጥ የከበደኝ "ምነው ጠፋህ?" የሚለው ጥያቄ ነበር።

ንፉግ ሆኜ ነው? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ንፉግነት አይመስለኝም፤ ወይም ንፉግነት ብቻ አይመስለኝም። በዚህ ዓለም ላይ ያለ ምንም ማስረጃ ጥሩ ሰው ነው ብላ የምታምንብኝ አንዲት ሴት ናት። ካነሳሁ እምነቷን የሚያፈርስ ነገር በገዛ አንደበቴ ልናገር ነው፤ "አልላክሁም" ልል ነው። እሷ ዘንድ ያለኝን ስም ለመጠበቅ ብዬ ከእሷ ሸሸሁ። ይህን ስጽፈው ሞኝነቱ ይታየኛል፤ ስልኩ በጠራ ጊዜ ግን ሞኝነት አይመስልም ነበር፤ ብልህነት ነበር የሚመስለው። ደግሞም የማደርገውን ነገር የሚያደርግ ሌላ ሰው ሁልጊዜ ከአጠገቤ አላጣም ነበር። ካፌ ውስጥ ስልኩን ፊቱን ደፍቶ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ሞልቷል፤ ሲንቀጠቀጥ ቀና አድርጎ ስሙን ያይና መልሶ ይደፋዋል። "ማን ነው?" ብዬ አልጠይቀውም። እሱም እኔን አይጠይቀኝም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካፌ ተቀምጬ በስልኬ የኳስ ጨዋታ ቅንጭብ እያየሁ ነበር። ጎሉ ሊገባ ሲል ምስሉ ተቋረጠና ስሟ መጣ። ዘጋሁት። ምስሉ ቀጠለ። ወዲያው ደግማ ደወለች፤ ያን ጊዜም ዘጋሁት። እሷ ደጋግማ የምትደውል ሴት አይደለችም። ይህን ልብ አላልኩም ብል እዋሻለሁ፤ ልብ ብያለሁ፤ ክረምቱ ስለ ገባ ጣሪያው ብሶባት ነው ብዬ ነው የባሰውን የሸሸሁት።

ጣሪያው አልነበረም። አሁን አሁን እህል ተራ ላይ ከነጋዴ እስከ ሸማች በስልክ መክፈል ስለለመደ እሷም የልጅ ልጇ አስመዝግባላት ገንዘቧን በስልክ ትይዝ ነበር። በዚያ ሳምንት ዕቁብ ደርሷት ብሩ እዚያው ውስጥ ነበር። አንድ የማታውቀው ሰው ደወለላት። ጥሩ አማርኛ ይናገራል፤ "እናቴ" ይላታል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ነኝ፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው፤ እንዳይዘጋ አሁን የሚደርስዎትን ቁጥር ይንገሩኝ፤ የሚስጥር ቁጥርዎንም እናጣራ አላት። አዳዳ ሞኝ አይደለችም። ዕድሜዋን በሙሉ ከደላላ ጋር የኖረች ነጋዴ ናት። "ቆይ ልጄን ልጠይቀው፤ እሱ ያውቃል" ብላ ዘጋችበት። ከዚያ ለእኔ ደወለች። ዘጋሁባት። ደገመች። ዘጋሁባት። ሰውዬው መልሶ ደወለ፤ "ጊዜው እያለቀ ነው፣ እናቴ" አላት። ነገረችው።

ስልክ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በገባበት ዘመን ካህናቱ አካሉ የማይታይ ሰው ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃውመውት ነበር ይባላል። እኛ በትምህርት ቤት ይህን ስንሰማ እንስቅባቸው ነበር። ያን ቀን ጊንጪ ላይ አንዲት ሴት ሁለት ድምፅ ነበራት፤ አንዱ የማይታይ የሌባ ድምፅ፣ ሁለተኛው የእኔ። ሌባው ሁለቱንም ጊዜ ነበረ። እኔ አልነበርኩም።

ይህን እሷ አልነገረችኝም። የነገረኝ አምቦ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ነው፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ ሌላ ወሬ እያወራን ድንገት፣ የማውቅ መስሎት። "ለአንተ ደውላ ነበር አሉ፤ ስብሰባ ላይ ሆነህባት ነው" አለኝ። "ስብሰባ ላይ ነው ያለው ማን ነው?" አልኩት። "ራሷ ናት እንጂ። ሰው ሁሉ 'ልጅሽ አያነሳም ወይ?' ሲላት 'ልጄ ሥራ ይበዛበታል፤ ስልኩ ተይዞ ነበር' ትላለች።" ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ስልኬን ዘግቼ አንድ ነገር ብቻ ስጠይቅ አመሸሁ፤ ስልኩ መያዙን ማን ነገራት?

የኔትወርክ መሐንዲስ የሆነ ወዳጅ አለኝ። ለምን እንደፈለግኩት ሳልነግረው፣ ሰው ቀይዋን ሲነካ ደዋዩ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። እንዲህ አስረዳኝ። ቁጥሬ ሲደወል ጥሪው መጀመሪያ ወደ ማዞሪያው ይሄዳል። ማዞሪያው መዝገቡን ይጠይቃል፤ ይህ ስልክ መጨረሻ የታየው የት አካባቢ ነው? ከዚያ በዚያ አካባቢ ያሉ ማማዎች ስልኬን ይጣራሉ። ስልኬ፣ እኔ ገና ምንም ሳልሰማ፣ "አለሁ" ብሎ ይመልሳል። መስመር ይሰጠዋል፤ እኔ ዘንድ ይጮኻል፤ እሷም መጥራቱን የምትሰማው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እንግዲህ ቀይዋን ስነካ ስልኬ ወደ ኋላ አጭር መልእክት ይልካል። መልእክቱ ምክንያት ይዟል፤ ምክንያቱ ደግሞ በቁጥር ነው። ቁጥሮቹን የደነገገው መቀመጫው ጄኔቫ የሆነው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። 17 ተጠሪው ተይዟል ማለት ነው። 19 ስልኩ ጠርቷል፣ ያነሳው ግን የለም። 20 ስልኩ ጠፍቷል ወይም ኔትወርክ ውስጥ የለም። 21 ጥሪውን አልተቀበለውም።

"ስለዚህ ስዘጋ የሚሄደው 21 ነው" አልኩት።

"ብዙ ጊዜ 17 ነው" አለኝ።

በሞባይል ደንቡ ውስጥ ቀይዋን መንካት የራሱ ስም አለው፤ ተጠቃሚው ራሱ የወሰነው መያዝ ይሉታል። 17 የደረሰው ማዞሪያ ሌላ ሰው እያናገረ ያለውንና ቀይዋን የነካውን አይለይም። ለደዋዩ የተያዘ መስመር ድምፅ፣ ወይም ያንኑ የሚናገር የተቀዳ ቃል ያሰማዋል። ጥሪው ስላልተገናኘ ሒሳብም አይቆረጥም። ድምፁን ብቻ ያጠፋሁበት ሰው ግን እስከ መጨረሻው ሲጠራ ይሰማል፤ የሚደርሰው 19 ነው፤ እሱ ቢያንስ እውነት ነው፤ ጠርቷል፣ አልተነሳም። ለአለቃዬ የምልከው እውነቱን ነው ማለት ነው። ለአዳዳ የምልከው 17ን ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ቆየሁበት፤ ምክንያቱም ዋሽተሃል ወይ ብባል "አልዋሸሁም፣ ምንም አላልኳት" እል ነበር። በአፌ አላልኩም። እውነቱን የሚናገር ቁጥር አለ፣ 21፤ አልመርጠውም፤ ስልኬም አላስመረጠኝም። ስለ እኔ ሆኖ "ሥራ ይዟል" ይልልኛል፤ እኔም እንዲህ እንደሚልልኝ ዝርዝሩን ባላውቅም ውጤቱን አውቀው ነበር። "ስልክህ ተይዞ ነበር" ሲሉኝ "አዎ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ" ያልኳቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አዳዳ ግን እንኳንስ ልትጠረጥር ተከላከለችልኝ። ኪሴ ውስጥ ያለ ስልክ የዋሸላትን ይዛ በእህል ተራ ሰው ፊት ስለ ስሜ ተሟገተች።

መጀመሪያ ያደረግኩት ብር መላክ ነው። የጠፋባትን ያህል፣ የቆርቆሮውንም ጨምሬ። እንዲህ ፈጥኜ ደግ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ለምን እንደላክሁ አልነገርኳትም። "የአጎቴ ልጅ ነገረኝ፤ አይዞሽ" ብቻ አልኳት። መረቀችኝ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም መረቀችኝ፤ ለልጆቼ፣ ለእጄ፣ ለደጄ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ እስክትጨርስ ቆየሁ። ያ ብር ካሳ አልነበረም። እንዳትጠይቀኝ የከፈልኩት ነበር። ከላክሁትም በኋላ ዝምታዋን መግዛቴን እያወቅኩ ደረሰኙን ደጋግሜ አየሁት።

ለነፍስ አባቴ ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩኝም። "እሷስ ታውቃለች?" አሉኝ። አታውቅም አልኩ። "እንግዲያውስ መጀመሪያ ለእሷ" አሉኝ። ሌላ ቀኖና አልሰጡኝም።

በአምቦ መስመር ሚኒባስ፣ በሆለታና በአዲስ ዓለም አድርጌ ሄድኩ። ቡና አፈላች። አዲሱ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ነበር፤ አሳየችኝ። ሁለተኛው ጀበና ላይ ነገርኳት። ስብሰባ ላይ አልነበርኩም፤ ስልኩም አልተያዘም ነበር፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት አልኳት። ከዚያ በፊት ያሉትንም እንዲሁ።

"አውቃለሁ እንጂ" አለች። ደነገጥኩ። "ስትዘጋው አውቃለሁ። ድሮ እንደምናደርገው አይደለም እንዴ? ደኅና ነኝ ልትለኝ ነዋ የምትዘጋው። እኔም ተመስገን ብዬ እተኛለሁ። ያን ቀን ግን ሥራ በዝቶብህ ነው አልኩ፤ ሁለት ጊዜ ስለደወልኩ ደኅንነትህን አይደለም የምጠይቀው ብለህ ታነሳ ነበር።"

ወራት ሙሉ እኔ ስሸሻት፣ እሷ ዘንድ ይደርስ የነበረው የደኅንነት ወሬ ነበር። የዘጋሁባት ማታ ሁሉ ደስ ብሏት ተኝታለች። ይህን ስሰማ ዝም ብዬ ልቀበለው ፈለግኩ፤ እንዲያ ነው አዳዳ፣ ድሮ እንደምናደርገው ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረኝ። እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም። "አይደለም" አልኳት። "የቆርቆሮውን እንዳትጠይቂኝ ነው።"

ስኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች። "እኔ መሆኔን እያየህ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ስሜ ይወጣል?"

"ይወጣል።"

እሷ የእኔን ቁጥር የምታውቀው በመጨረሻዎቹ አኃዞች ነው፤ በሌላው ሰው ስልክ ላይ ስሟ ተጽፎ እንደሚመጣ አታውቅም ኖሯል። የገረማት ይሄ ነው፤ ከቆርቆሮውም ከዕቁቡም ይበልጥ። ጥቂት አሰበችና "ምን ብለህ ጻፍከኝ?" አለችኝ።

"አዳዳ" አልኳት። አውጣና አሳየኝ አለች፤ አሳየኋት፤ ፊደሎቹን በጣቷ ነካቻቸው። ማንበብ አትችልም። የተጻፈው "ጊንጪ አክስት" ነው። ብዙ ጊንጪዎች ስላሉኝ፣ ጊንጪ ዕድር፣ ጊንጪ መሬት፣ ከእነሱ ለመለየት የጻፍኩት ነው። ንስሐ ልገባ ሄጄ፣ እውነቱን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ፣ አንዲት ሴት ማንበብ ባለመቻሏ ተጠቅሜ ዋሸኋት። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስሙን ቀየርኩት። አሁን "አዳዳ" ነው የሚለው፤ ያን ቀን ግን አልነበረም፤ ይህን ገና አልነገርኳትም።

ከዚያ ወዲህ የማታውቀው ቁጥር በደወለላት ቁጥር ዘግታ ለእኔ ትደውላለች። አንዳንዱ ሌባ ነው፤ አንዳንዱ እህል ሊገዛ የፈለገ ነጋዴ ነው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የቀበሌ ሰው ነበር። አነሳለሁ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። አውራ ጣቴ ከእኔ ቀድሞ የለመደው ቦታ አለ፤ ባለፈው ሳምንት ሥራ በሌለበት፣ ምንም በማላደርግበት ሰዓት ስሟ መጣና ነካሁት። ወዲያው መልሼ ደወልኩ።

"ሥራ ላይ ነበርክ?" አለችኝ።

"አይ፣ አልነበርኩም" አልኳት።

"እንግዲያው ስማኝ" ብላ የነጭ ጤፍ ዋጋ እንዴት እንደሰነበተ ትነግረኝ ጀመር።